ዊልያም ክላርክ፦ የስምንት ወር መምህር

ለአንድ ዓመት ተዋውሎ ወደ ባዕድ አገር የሚሄድ መምህር ሥራውን ሳይጀምር የሚጨርስበትን ቀን ያውቃል። በአገሩ የሚያስተምር ባልደረባው ዘንድሮ ያጎደለውን ለከርሞ ሊሞላ ይችላል፤ በውል የሄደው ግን ከርሞ የለውም። የአገሩን አየር ሲላመድና የተማሪዎቹን ስም አጥርቶ መጥራት ሲጀምር የመመለሻው ጊዜ ይደርሳል። ስለሆነም የእንዲህ ያለው መምህር ሥራ በክፍል ውስጥ በሰጠው ትምህርት ብቻ ሊመዘን አይችልም። ከክፍል ውጭ ከሰዎች ጋር እንዴት እንደኖረና በመጨረሻም እንዴት እንደተሰናበተ አብሮ መታየት ይኖርበታል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። በ1952 በተፈረመ ስምምነት መሠረት ከአሜሪካ የኦክላሆማ ክፍለ ግዛት የመጡ መምህራን በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ሲሰጡ ቆይተው ውላቸው በ1968 አብቅቷል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እነዚህ መምህራን የመጡበት ኮሌጅ የተመሠረተው በ1862 በወጣው የአሜሪካ ሕግ ላይ ሲሆን፣ ሕጉ የእርሻና የመካኒክ ጥበብን ለሚያስተምሩ ኮሌጆች ማቋቋሚያ የሚሆን የመንግሥት መሬት ለክፍላተ ግዛቱ የሚሰጥ ነበር። በዚሁ ሕግ ከተቋቋሙት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው የማሳቹሴትስ የእርሻ ኮሌጅ፣ መምህራን ወደ ዓለማያ ከመምጣታቸው 80 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ የራሱን ፕሬዚዳንት ለአንድ ዓመት ለጃፓን መንግሥት አውሶ ነበር። የኚህ ሰው ስም ዊልያም ስሚዝ ክላርክ ነው። በአገራቸው እምብዛም የማይታወሱት ክላርክ በጃፓን ግን እስከ ዛሬ ድረስ የትምህርት ቤት ልጆች ሁሉ የሚያውቋቸው ሰው ናቸው።

ክላርክ በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት አሽፊልድ በምትባል የገጠር ከተማ ጁላይ 31 ቀን 1826 ተወለዱ። በ1848 ከአምኸርስት ኮሌጅ ከተመረቁ በኋላ ወደ ጀርመን አገር ተሻግረው በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አጠኑ፤ ከሰማይ በሚወድቁ የብረት ድንጋዮች ላይ ባደረጉት ምርምርም በ1852 የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ። ወደ አገራቸው እንደተመለሱ በተማሩበት በአምኸርስት ኮሌጅ የኬሚስትሪ መምህር ሆኑ። በጀርመን አገር ያዩት ሳይንስን ከእርሻ ጋር ያጣመረ ትምህርት ግን ከልባቸው አልጠፋም፤ በማሳቹሴትስም ይኸው እንዲጀመር ለዓመታት ደከሙ።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ክላርክ የላቦራቶሪ ሥራቸውን ትተው በ1861 ወደ ሰሜኑ ጦር ዘመቱ፤ ደረጃ በደረጃም እስከ ኮሎኔልነት ደረሱ። በማርች 1862 በኒው በርን በተደረገው ውጊያ ከጠላት በተማረከ መድፍ ላይ ወጥተው ወታደሮቻቸውን ወደፊት መምራታቸው ይነገርላቸዋል። ይህ ድርጊት የሰውየውን ጠባይ ያሳያል። ክላርክ የሰውን ስሜት ማነሣሣት የሚያውቁ፣ አደጋን አስቀድመው የማያሰሉ፣ ለሚከተሏቸው ሰዎች በራስ መተማመንን የሚያጋቡ ሰው ነበሩ። ይኸው ጠባያቸው በሳፖሮ ለታላቅ ሥራ አበቃቸው፤ ኋላም በአገራቸው ለውድቀት ዳረጋቸው። 

ከጦርነቱ ተመልሰው የማሳቹሴትስ የእርሻ ኮሌጅ በ1867 ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎችን ሲቀበል በፕሬዚዳንትነት የመሩት እርሳቸው ናቸው። በዚያም ሳሉ በ1870ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ያደረጉት ሙከራ ብዙ ሰው አነጋግሮ ነበር። በማደግ ላይ ያለ ዱባ በብረት ማሰሪያ ይዘው በላዩ ላይ በማንሻ ዘንግ አማካይነት ክብደት እየጨመሩ የዕፅዋትን የዕድገት ኀይል ለኩ፤ ዱባውም ከመታረሙ በፊት ከ2,000 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ክብደት ተሸከመ። በዚያው ጊዜ የጃፓን መንግሥት ዓይኑን ወደ አምኸርስት አዞረ። የዚህም ምክንያት ቀደም ብሎ ኒጂማ ጆ የተባሉ ጃፓናዊ በአምኸርስት ኮሌጅ የክላርክ ተማሪ ሆነው በ1870 መመረቃቸው፣ ከዚያም ሌሎች ጃፓናውያን ወጣቶች ወደዚያው አካባቢ መምጣታቸው ነበር።

የጃፓን መንግሥት በዚያ ዘመን ብዙ የውጭ አገር ባለሙያዎችን በከፍተኛ ደመወዝ ይቀጥር ነበር። ቅጥሩ ግን ዘላቂ እንዲሆን አይፈልግም። እያንዳንዱ መሐንዲስ፣ ሐኪም ወይም መምህር በውሉ ዘመን ውስጥ ጃፓናውያን ተተኪዎችን አስተምሮ እንዲሄድ ይጠበቅበት ነበር። በሰሜን በኩል ያለውን የሆካይዶን ደሴት እንዲያለማ በ1869 የተቋቋመው መሥሪያ ቤትም በዚሁ መንገድ ይሠራ ነበር። ደሴቱ ከጥንት ጀምሮ የአይኑ ሕዝብ አገር ሲሆን፣ መንግሥት ከደቡብ ሰፋሪዎችን እያመጣ የሩስያን መስፋፋት ለመግታት አሰበ፤ የሰፈራው ሸክም በአይኑዎች ላይ መውደቁም የታሪኩ አካል ነው። ለዚህ ሰፈራ ዕውቀት የሚያፈልቅ የእርሻ ኮሌጅ በሳፖሮ ከተማ እንዲከፈት ተወሰነ። የማሳቹሴትስ ኮሌጅ ፕሬዚዳንቱን ለአንድ ዓመት ፈቃድ ሰጥቶ ሲልክ፣ ክላርክ ደግሞ ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሁለቱን አስከትለው ሄዱ። አንደኛው የ24 ዓመት ወጣት የነበሩት መሐንዲሱ ዊልያም ዊለር፣ ሁለተኛው የዕፅዋት ተመራማሪው ዴቪድ ፔንሃሎ ናቸው። 

ክላርክ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን በአምኸርስት ተሰናብተው በሜይ 1876 ጉዞ ጀመሩ፤ በጁን መጨረሻም ዮኮሃማ ደረሱ። በቶኪዮ እንግሊዝኛ የሚያውቁ ተማሪዎችን ፈትነው ከመረጡ በኋላ፣ ከልማት መሥሪያ ቤቱ ሹም ከኩሮዳ ኪዮታካና ከተማሪዎቹ ጋር በአንድ መርከብ ወደ ሰሜን ተጓዙ። የመጀመሪያው አለመግባባት የተነሣው በዚሁ መርከብ ላይ ነበር። ኩሮዳ ተማሪዎቹ ከትምህርቱ ጋር የግብረ ገብ ትምህርት እንዲያገኙ ይሹ ነበር። ክላርክ በበኩላቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ የግብረ ገብ ማስተማሪያ እንደማያውቁ ተናገሩ። የክርስትና ክልከላ ከተነሣ ገና ሦስት ዓመት ብቻ በመሆኑ ሹሙ ይህን ለመቀበል ተቸገሩ፤ ክርክሩም ብዙ ቀናት ወሰደ። በመጨረሻ ክላርክ ሳይለቁ ኩሮዳም በይፋ ሳይፈቅዱ፣ ነገሩ በዝምታ ታለፈ። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ሰዎች ተከባብረው ኖሩ። 

ክላርክ 50 ዓመት በሞላቸው ሰሞን የደረሱባት ሳፖሮ ከተመሠረተች ገና ሰባት ዓመት የሆናት፣ በጫካ መካከል ቀጥ ያሉ መንገዶች የተቀየሱባት አነስተኛ ከተማ ነበረች። ኮሌጁ ኦገስት 14 ቀን 1876 በ24 ተማሪዎች ተከፈተ። ትምህርቱ በሙሉ በእንግሊዝኛ ሲሆን የመማሪያ መጻሕፍት እምብዛም አልነበሩም። ስለዚህ ተማሪዎቹ መምህሩ የሚናገረውን እየሰሙ በማስታወሻ ደብተር ይጽፋሉ፤ ማታ ማታ አስተካክለው ይገለብጣሉ፤ ክላርክና ባልደረቦቻቸውም ደብተሮቹን ሰብስበው ከቃላት አጻጻፍ ጀምሮ ያርማሉ። በዚህ አድካሚ ሥራ መምህሩ የእያንዳንዱን ተማሪ አስተሳሰብ በቅርብ ለማወቅ ቻለ። ተማሪዎቹ በእርሻው ላይ በእጃቸው እንዲሠሩ ይደረግ ነበር፤ ለሠሩበትም ሰዓት ይከፈላቸዋል። አብዛኞቹ የቀድሞ የጦር መኳንንት ልጆች በመሆናቸው ዶማ መጨበጥ ለእነርሱ ቀላል ነገር አልነበረም። ክላርክ ግን ራሳቸው አብረው እየሠሩ ነውሩን አስወገዱላቸው።

ለኮሌጁ የተዘጋጀውን ረጅም የደንብ ዝርዝር ባዩ ጊዜም አልተቀበሉትም። ተማሪዎቹ የሚጠበቅባቸው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ፣ ይኸውም ጨዋ ሰው መሆን እንደሆነ ነገሯቸው። ጨዋ ሰው ደወል ሲደወል በሰዓቱ ይገኛል፤ ቃሉን ይጠብቃል፤ ጠባቂ አያስፈልገውም። በጥብቅ ሥርዓት ላደጉ ወጣቶች እንዲህ ያለ እምነት የተጣለባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ደንቡን ከመፍራት ይልቅ መምህራቸውን ማሳፈርን ፈሩ። 

ከክፍል ውጭ ያለው ኑሮም ከትምህርቱ የተለየ አልነበረም። ክላርክ፣ ዊለርና ፔንሃሎ በአንድ ቤት ይኖሩ ስለነበር የመምህራኑ ቤት የተማሪዎቹ መሰብሰቢያ ሆነ። በምሽት ተማሪዎቹ እየመጡ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ጀርመን አገር፣ ስለ ታላላቅ ሰዎች ሕይወት የሚነገራቸውን ይሰሙ ነበር። እሑድ እሑድ መጽሐፍ ቅዱስ ይነበባል። ክላርክ ለባለቤታቸው በሚጽፏቸው ደብዳቤዎች የእያንዳንዱን ሳምንት ውሎ ይተርኩ ስለነበር፣ ዛሬ የዚያን ዘመን ኑሮ በቅርብ ለማወቅ ከረዱት ምንጮች አንዱ ይኸው የቤተ ሰብ ደብዳቤ ነው። 

የመጠጥ ጉዳይም ሳይጠቀስ አይታለፍም። ክላርክ ወይን ጠጅ የሚወዱ ሰው ሲሆኑ፣ ለዓመቱ የሚበቃቸውን ያህል ይዘው እንደሄዱ ይነገራል። የተማሪዎቹን ሁኔታ ካዩ በኋላ ግን መጠጥን፣ ትምባሆንና ቁማርን የሚከለክል የቃል ኪዳን ጽሑፍ አዘጋጁ፤ ከተማሪዎቹም ጋር እርሳቸው ራሳቸው ፈረሙ። ያመጡትም ወይን ጠጅ በተማሪዎቹ ፊት እንደተደፋ ይተረካል። መምህሩ ከራሱ ምቾት ቀንሶ ከተማሪው ጋር በአንድ ሕግ ሥር መግባቱ ከብዙ ስብከት ይልቅ አሳመናቸው።

በጃኑዋሪ 1877 ክላርክ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ከሳፖሮ በስተምዕራብ ወዳለው ወደ ቴይኔ ተራራ በበረዶ ላይ ወጡ። በመንገድ ላይ ከአንድ ዛፍ ግንድ ከፍ ብሎ የበቀለ፣ ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁት የድንጋይ ሽበት ዓይነት ተመለከቱ። ከመሬት ሊደርሱበት ስላልቻሉ በበረዶው ላይ በአራት እግራቸው ተንበርክከው አንዱ ተማሪ በጀርባቸው ላይ ቆሞ እንዲያወርደው አዘዙ። በመምህር ጀርባ ላይ መቆም በጃፓን ልማድ የማይታሰብ ድፍረት ነበርና ተማሪው ጫማውን ሊያወልቅ ሞከረ፤ ክላርክ ግን ከነጫማው እንዲወጣ አስገደዱት። የተገኘው ዝርያ ወደ አምኸርስት ተልኮ በሊቃውንት ሲመረመር አዲስ ሆኖ ተገኘ፤ በሳይንሳዊ ስሙም የክላርክ ስም ገባበት። ተማሪዎቹ በሸመገሉ ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው የሚያወሱት ግን ከአዲሱ ዝርያ ይልቅ ያንን የተንበረከከ መምህር ነበር። 

ክላርክ የሚሄዱበትን ቀን አንድም ጊዜ ዘንግተው አያውቁም። የአንድ ዓመቱ ውል የመምጫና የመመለሻ ጉዞውን የሚጨምር በመሆኑ በሳፖሮ የሚቆዩበት ጊዜ ስምንት ወር ከጥቂት ቀናት ብቻ ነበር። ስለሆነም ከመጀመሪያው ጀምሮ ሥራውን ሁሉ ለሚተካቸው ሰው በሚሆን መንገድ አደራጁ። የአራት ዓመቱን ሥርዓተ ትምህርት ጽፈው አስቀመጡ። ለእርሻውና ለከብት ርባታው ዕቅድ አወጡ። ዊለር የኮሌጁን አመራር እንዲረከቡ አስቀድመው አዘጋጇቸው። ከመሄዳቸውም በፊት የማሳቹሴትስ ኮሌጅ ምሩቅ የሆኑት ዊልያም ብሩክስ በ1877 መጀመሪያ ላይ መጥተው የእርሻውን ትምህርት ያዙ፤ ብሩክስ በሳፖሮ 12 ዓመት ያህል ቆይተዋል። ተማሪዎቹን በሚመለከትም በማርች 1877 የክርስትና ቃል ኪዳን ጽፈው አስፈረሟቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ተማሪዎቹ አንዱ ለሌላው ድጋፍ እንዲሆንና በየጊዜው እየተሰበሰቡ እንዲመካከሩ ተወስኗል። መምህሩ ከሄደ በኋላ ማኅበሩ በራሱ እንዲቆም የታሰበ ነበር።

የስንብቱ ቀን ኤፕሪል 16 ቀን 1877 ነበር። እንግዳን እስከ ደጅ ብቻ ሳይሆን እስከ ወንዝ መሸኘት በኢትዮጵያ የታወቀ ደግ ልማድ ነው፤ በዚያን ዕለትም የሳፖሮ ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ የመሰለ ነበር። ተማሪዎቹና መምህራኑ በሙሉ በፈረስ ተቀምጠው ከክላርክ ጋር ወጡ፤ ከከተማው በስተደቡብ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ እስከምትገኘው እስከ ሺማማትሱ ድረስም ሸኟቸው። በዚያ የመንገደኞች ማረፊያ ቤት ነበረ። የቤቱ ባለቤት ናካያማ ክዩዞ ሩዝ በዚያ ብርድ አይበቅልም የሚለውን የባለሙያዎች አስተያየት አልቀበልም ብለው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የሞቀ ውሃ እያጠጡ ያበቀሉ ገበሬ ናቸው። መምህሩና ተማሪዎቹ በዚያ ቤት ዐረፉ፤ በመጨረሻም ለመለያየት ወደ ውጭ ወጡ። 

ከተማሪዎቹ አንዱ የነበሩት ኦሺማ ማሳታኬ ኋላ እንደተረኩት፣ ክላርክ የእያንዳንዱን ተማሪ እጅ በየተራ ጨበጡ። ከእያንዳንዳቸው የጠየቁት ነገር ትንሽ ነበር፤ ይኸውም አልፎ አልፎ አንዲት ፖስት ካርድ እንኳ ቢሆን ጽፈው ደኅንነታቸውን እንዲያሳውቋቸው ነው። ከዚያም በፈረሳቸው ላይ ወጡ፤ ወጣቶቹ ታላቅ ዓላማ ይዘው እንዲነሡ ጮክ ብለው ከተናገሩ በኋላ ፈረሱን ገርፈው በጫካው መካከል ተሰወሩ። ተማሪዎቹም ዕንባቸውን እየጠረጉ ወደ ሳፖሮ ተመለሱ።

ይህ የመጨረሻ ቃል በጃፓን አገር እጅግ ዝነኛ ሆኗል። በጽሑፍ የታወቀው ግን ከስንብቱ ብዙ ዓመታት ዘግይቶ ነው፤ አነጋገሩም ከአንዱ ተራኪ ወደ ሌላው ይለያያል። ከጊዜ በኋላም ክላርክ ያልተናገሯቸው ማብራሪያዎች ተጨምረውበታል። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች ቃሉ በእርግጥ እንደዚያ ተነግሮ እንደሆነ ጠይቀዋል። ይሁን እንጂ ፖስት ካርድ የመላኩ ልመና ፍሬ ማፍራቱ አያጠራጥርም። ከሳፖሮ የሚጻፉት ደብዳቤዎች ወደ አምኸርስት ይደርሱ ነበር፤ ክላርክም መልስ ይጽፉ ነበር። ተማሪዎቹ በሳፖሮ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ባቋቋሙ ጊዜም በገንዘብ ረድተዋቸዋል። 

ከስንብቱ በኋላ በሳፖሮ የተሠራው ሥራ ለመሐንዲሶች ይበልጥ ቅርብ ነው። ዊለር በ25 ዓመታቸው የኮሌጁን አመራር ተረከቡ። ሒሳብና የሲቪል ምሕንድስና አስተማሩ፤ የአየር ጠባይ ምልከታ አካሄዱ፤ በቶዮሂራ ወንዝ ላይ ለሚሠራው ድልድይ ንድፍ አወጡ። በማሳቹሴትስ ኮሌጅ የነበረውን የከብቶች ጎተራ መሠረት አድርገው የነደፉት ሕንፃ ዛሬም በሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በቅርስነት ተጠብቆ ይገኛል። በ1878 የተፈጸመው የተማሪዎች የሰልፍ ልምምድ አዳራሽም የእርሳቸው አሳብ ያለበት ነው። ኩሮዳ ለዚህ አዳራሽ ሰዓት እንዲገዛ አዝዘው ከቦስተን የመጣው ሰዓት ለተሠራው ማማ ከመጠን በላይ ትልቅ ሆኖ በመገኘቱ ማማው እንደገና ተሠርቶ ሰዓቱ በ1881 ተተከለ። ያ በድንጋይ ክብደት የሚንቀሳቀስ ሰዓት ዛሬም በሳፖሮ መካከል ጊዜ ይቆጥራል።

በሴፕቴምበር 1877፣ ማለት ክላርክ ከሄዱ ከአምስት ወር በኋላ፣ ሁለተኛው የተማሪዎች ክፍል ገባ። እነዚህ ተማሪዎች በሳፖሮ ክላርክን አላገኟቸውም፤ የመምህሩን መንገድ የተማሩት ከአንደኛው ክፍል ወንድሞቻቸው ነው። ከመካከላቸው ኋላ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ምክትል ዋና ጸሐፊ የሆኑት ኒቶቤ ኢናዞ፣ ታላቁ ጸሐፊና ሰባኪ ኡቺሙራ ካንዞ፣ የዕፅዋት ሊቁ ሚያቤ ኪንጎ ይገኙባቸዋል። መሐንዲሱ ሂሮይ ኢሳሚም ከዚሁ ክፍል ናቸው። ሂሮይ የዊለርን ትምህርት ቀስመው በ1881 ከተመረቁ በኋላ በአሜሪካ በሚሲሲፒ ወንዝ ሥራና በድልድይ ንድፍ ተለማመዱ። ከ1897 እስከ 1908 ደግሞ በኦታሩ ወደብ ከ1,200 ሜትር በላይ ርዝመት ያለውን የማዕበል መከላከያ ግንብ አሠሩ። የባሕር ውሃ ኮንክሪትን እንደሚበላ ያውቁ ስለነበር በሲሚንቶው ውስጥ የእሳተ ገሞራ ዐመድ ቀላቀሉ፤ 60,000 ያህል የሙከራ ናሙናዎችንም ሠርተው በየዘመኑ እየተሰበሩ ጥንካሬያቸው እንዲለካ አስቀመጡ። ምርመራው እርሳቸው በ1928 ከሞቱ በኋላ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ቀጥሏል፤ ግንቡም እስካሁን በአገልግሎት ላይ ነው። ራሱ የማይደርስበትን ዘመን አስቦ ለሚተካው ሰው ሥራ አዘጋጅቶ መሄድ በሳፖሮ የተለመደ ነገር ሆኖ ነበር።

የክላርክ የራሳቸው ኑሮ ግን በዚህ መልክ አልቀጠለም። በ1877 ወደ አምኸርስት ሲመለሱ የሚመሩት ኮሌጅ በገንዘብ ችግር ውስጥ ነበር፤ በአስተዳደራቸውም ላይ ወቀሳ በዛ። በ1879 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በመርከብ ዓለምን እየዞረ የሚያስተምር ተንሳፋፊ ኮሌጅ ለማቋቋም ከሌሎች ጋር ቢነሡም አሳቡ ሳይሳካ ቀረ። በ1881 ከአንድ ሸሪክ ጋር ሆነው የማዕድን ኩባንያ መሠረቱ፤ ወዳጆቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን እያሳመኑም የአክሲዮን ገንዘብ አሰባሰቡ። በሳፖሮ ወጣቶችን ያነሣሣ አንደበት አሁን የአምኸርስትን ነዋሪዎች ቁጠባ ከየቤቱ አወጣ። ኩባንያው በ1882 ወደቀ፤ ሸሪካቸው ጠፋ፤ የብዙ ሰው ገንዘብም አብሮ ጠፋ። ክላርክ እንደ ሌሎቹ ሁሉ የራሳቸውን ሀብት ቢያጡም ያመኗቸውን ሰዎች ለኪሳራ ማብቃታቸው አልተረሳላቸውም። በዚያች ትንሽ ከተማ ከሚያውቋቸውና ከከሰሩት ሰዎች ጋር በአንድ መንገድ እየተላለፉ የመጨረሻ ዓመታቸውን በልብ ሕመም አሳለፉ። ማርች 9 ቀን 1886 በ59 ዓመታቸው ዐረፉ። በመጨረሻው ሰዓት ከሕይወታቸው ሁሉ መጽናኛ የሆናቸው የሳፖሮው ስምንት ወር እንደሆነ መናገራቸው ተወርቷል።

የሁለቱ ሥራዎች ልዩነት ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ሰውየው አንድ ናቸው፤ ድፍረታቸውና አሳማኝነታቸውም አልተለወጠም። በሳፖሮ ግን የሚሄዱበት ቀን በውል ታስሮ ነበር። በመሆኑም የሚናገሩትን ሁሉ ሌላ ሰው እንዲፈጽመው ማዘጋጀት ግድ ሆነባቸው፤ በአጠገባቸውም እያንዳንዱን አሳብ ለክቶ በሥዕል የሚያወርድ እንደ ዊለር ያለ መሐንዲስ ነበረ። በማዕድኑ ሥራ የሚለካም የሚገታም አልነበረም። የሰው ትልቅ ስጦታ ያለ ልክና ያለ ተተኪ ሲቀር ምን እንደሚሆን የክላርክ ሕይወት በሁለቱም በኩል ያስተምራል።

በሳፖሮ የኮሌጁ ዕድገት ቀጥሎ በ1918 ሆካይዶ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ፕሬዚዳንትነት የተሾሙት ሳቶ ሾሱኬ በሺማማትሱ ክላርክን ከሸኙት የመጀመሪያው ክፍል ተማሪዎች አንዱ ነበሩ። ሆካይዶና ማሳቹሴትስ በ1990 የእኅትማማችነት ስምምነት ተፈራርመዋል፤ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎችም መምህራንንና ተማሪዎችን ይለዋወጣሉ። ከሳፖሮ ወጣ ብሎ በሚገኝ ኮረብታ ላይ በ1976 የቆመው የክላርክ ሐውልት ቀኝ እጁን ወደ ሩቅ ዘርግቶ ይታያል፤ ጎብኚዎችም እጃቸውን በዚያው ዓይነት ዘርግተው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ሐውልቱ የሚያሳየው በፈረስ ላይ ሆነው የተናገሩትን ቃል ነው። ከዚያ አስቀድሞ በማረፊያው ቤት ደጅ የሆነውን፣ እጅ እየጨበጡ አንዲት ፖስት ካርድ የለመኑትን መምህር ግን ማንም በነሐስ አልቀረጻቸውም። በውል ሄዶ የሚያስተምር ባለሙያ ሁሉ ሲመለስ ይዞት የሚሄደው ይህንኑ ልመና ነው፤ መልስ ማግኘቱም ከስንብቱ በፊት በኖረው ኑሮ ላይ የተመሠረተ ነው።